ጅቡቲ ላይ የበረዳት ሴት

አምባሮ የባሌ እህት ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ስለ እሷ የማወራውን ሁሉ የማውራት ሙሉ መብት እንዳለኝ እንድታውቁልኝ ነው። በእኛ ዘንድ የባል እህትና የወንድም ሚስት ካልተቃለዱ ተጣልተዋል ተብሎ አስታራቂ ይላካል። ለእኛ አስታራቂ ተልኮ አያውቅም።

ጅቡቲ ከተማ፣ ባልባላ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ፣ በአንድ ግቢ እንኖራለን። የእኔ በር በቀኝ፣ የእሷ በግራ ነው። እኔ በረዶ እሸጣለሁ። ደጄ ላይ ባለው ትልቅ ማቀዝቀዣ ዙሪያ በሐምሌ ሰፈሩ ሁሉ ተኮልኩሎ ይውላል። አንዱ ክዳኑን ከፍቶ ፊቱን ያስገባል፣ ሌላዋ የልጇን ጀርባ ታስነካዋለች፣ የጫት መኪና የሚጠብቁ ወንዶችም ይደገፉታል። መግዛት ግን ማንም አይፈልግም። በሐምሌ ጅቡቲ ውስጥ የሰው ሰላምታ «ሞቀኝ»፣ «ኧረ እኔም» ነው፤ ስለ ጤናና ስለ ልጆች የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ በዚያ ሐምሌ፣ ካምሲን የሚባለው ነፋስ ትኩስ አሸዋ እያነሳ ፊታችን ላይ ሲበትን፣ አምባሮ ቡናማ የሱፍ ሹራብ ለብሳ ከቤቷ ወጣች።

«ምነው? ተራራ ልትወጪ ነው?» አልኳት።

«ዝም በይ አርዶ። በርዶኛል።»

«ምን አልሽ?»

«በርዶኛል አልኩ! ያንን ማቀዝቀዣሽንም ወደዚያ አርቂልኝ፣ እያየሁት ይበርደኛል።»

ማቀዝቀዣው አጠገብ የነበሩት ወንዶች ጫታቸውን ረስተው ዞረው አዩዋት። ሹራቡን ከልባሽ ጨርቅ ተራ ነው የገዛችው። ሻጩ ባልባላ ውስጥ ሹራብ የሚገዛው ሰው መገኘቱን ማመን አቅቶት «ለማን ነው?» ብሎ ደጋግሞ ጠይቋታል አሉ።

አምባሮን ለማታውቋት ትንሽ ልበል። ባሏ ወደብ ላይ ጭነት ያወርድ ነበር፤ አላህ ይማረውና ልጆቹ ገና ሳያድጉ ሞተ። እሷ ድሪያ የሚባለውን ስስ ሰፊ ቀሚስ እየሸጠች ሁለት ሴቶች ልጆች አሳደገች። ታላቋ ነስራ ብራሰልስ ገብታ ቀረች፤ ታናሿ ኡባህ ከእናቷ ጋር ናት። ይህ እንግዲህ መተዳደሪያዋ ነው። ሰው የሚያውቃት ግን በቡራንቡር ነው። ሠርግ ላይ ሴቶች ከበሮ ይዘው ክብ ሲሠሩ አንዷ መሀል ገብታ ግጥም ታወርዳለች። የሙሽራው ወገን ይወጋል፣ የሙሽሪት ወገን ይመልሳል፣ ያልመለሰ ተሸነፈ። አምባሮ ተሸንፋ አታውቅም ነበር። ቤቷ አዘጋጅታው አትመጣም፤ እዚያው ቆማ ነው ግጥሙ የሚመጣላት። ድምጿ ደግሞ ያለ ድምፅ ማጉያ ከገበያው ማዶ ይሰማል።

ከድምጿ ቀጥሎ የምትኮራው በፀጉሯ ነው። ሴቶች ብቻችንን ስንሆን ሻሿን ፈታ ጉንጉኗን ወገቧ ላይ ትለቀዋለች፣ ሳይጠይቋትም «የራሴ ነው፣ ጎትቱት!» ትላለች። ይህም አልበቃ ብሏት የሌላውን ፀጉር መንካት ትወዳለች። በተለይ የሳሃርላን። ሳሃርላ ከታችኛው መንደር ናት፣ ዓሣ ትሸጣለች፤ በቡራንቡር አምባሮን የምትፈታተናት እሷ ብቻ ናት። ፀጉሯ ግን እንደ ምላሷ አልወፈረም። አንድ ሠርግ ላይ አምባሮ ተነስታ እንዲህ አለቻት፤

*የሳሃርላን አናት ዝንብ ሊያርፍበት ሽቶ፣*
*እግሩን ተሰበረ ወድቆ ተንሸራቶ።*

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈር ልጆች ሳሃርላ ዓሣዋን ይዛ ስታልፍ ማነከስ ጀመሩ። ይህ ነገር ምን ያህል እንደቆጠቆጣት ያወቅነው ቆይተን ነው።

አምባሮን የነካት ነገር መቼ እንደጀመረ የሚናገር የለም። ቀስ ብሎ ነው የመጣው። መጀመሪያ መተኛት አበዛች። ቀጥሎ ፊቷ አበጥ አበጥ አለ፣ ቅንድቧ ከዳር ሳሳባትና ኩል እየቀባች መሙላት ጀመረች፣ ሻሿንም በእኛ ፊት መፍታት ተወች። ስንቀልድባት መልሱ ይዘገያል። የነገርኳት ቀልድ ሻይ ከጠጣን በኋላ ነው የሚያስቃት። ከሁሉ የከፋው ድምጿ ነው። እየሻከረ፣ እየወፈረ ሄዶ አንድ ደንበኛ ስልክ ደውሎ «ወንድሜ፣ አምባሮን አቅርብልኝ» አላት። እሷም ተናድዳ «የለችም» ብላ ዘጋችበት።

ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ዓይን ነው አለች። ሌላዋ ዕድሜ ነው አለች። ሼኹ ውሃ ላይ ቁርዓን ቀርተው ሰጧት፤ ውሃው ቀዘቀዘኝ ብላ አሙቃ ጠጣችው። ባሌ ደግሞ ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ «እህቴ ስንፍና ነው የያዛት» አለ፤ ይህን ሲል እሱ ራሱ ከምሳ ጀምሮ ጋደም እንዳለ ነው። እኔ እሱን ብሎ ሐኪም ብዬ ሳቅሁ፤ ዳሩ ግን እኔም ከዚያ የተሻለ አላሰብኩም።

ከዚያ ኡባህ ታጨች። ሠርጉ በዚያው በበጋው ሙቀት፣ ውጭ ያለው ዘመድ ሁሉ ለእረፍት በሚመጣበት ጊዜ እንዲሆን ተቆረጠ። የሙሽራው አክስት ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ሳሃርላ።

አምባሮ ይህን በሰማች ሳምንት ጎረቤት ሠርግ ላይ፣ ሴቶች እያጨበጨቡ፣ ከበሮውን እንደታቀፈች እንቅልፍ ወሰዳት። ቀስቅሼ ወደ ቤት ወሰድኳት። በሯ ላይ ስንደርስ እጄን ያዘችኝ።

«አርዶ፣ ሌላ ነገር አልጠይቅም። ወፍራም ብሆን ልሁን። ግን ልጄ የሳሃርላ ወገን ሰድቧት፣ መላሽ አጥታ፣ አንገቷን ደፍታ እንድትገባ አልፈልግም። ድምፄን ብቻ መልሱልኝ።»

እኔ ለቀልድ አላንስም፤ ያን ጊዜ ግን አስገብቼ አስተኛኋትና ብርድ ልብስ ደረብኩላት።

በማግስቱ ከኡባህ ጋር ሆነን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሐኪሟ ዶክተር ኢዲል ትባላለች፤ ገና ወጣት ናት፣ ፊቷ ላይ ያለው ኩስትርና ግን የአማት ነው። አምባሮን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። ሹራቡን አየች። መስኮቱን አየች፤ ውጭ አስፋልቱ ይቀልጣል።

«አክስቴ፣ እዚህ አልጋ ላይ ይውጡና ይንበርከኩልኝ፣ እግርዎ ከጠርዙ ውጭ ይሁን» አለቻት።

«ምን ልታደርጊኝ ነው? ልትገርፊኝ?»

ዶክተሯ በትንሽ የላስቲክ መዶሻ ከተረከዟ በላይ ያለውን ጅማት መታ አደረገችው። እግሯ ዘለለ። ከዘለለ በኋላ ግን ወደ ቦታው ለመመለስ ደንበኛ እንደሰለቸው የቢሮ ሰው ተንቀራፈፈ። ዶክተሯ ደግማ መታች፤ አሁንም እንደዚያው። ኩስትር ያለው ፊቷ ፈካ አለ።

«ታይሮይድ ነው» አለች። «እርግጠኛ ለመሆን ደም እናያለን። የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ወላሂ፣ ምንም።»

«የባህል መድኃኒት? ቫይታሚን? ከውጭ የመጣ ነገር?»

«ልጄ፣ ከሻይና ከላሆህ ቂጣ በቀር አፌ የሚገባ ነገር የለም።»

እውነትም ሽምጥጥ አድርጋ ነው የካደችው፤ ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም። እኔ ምንም አላውቅም ነበርና ከጎኗ ቆሜ «አዎ፣ አዎ» እላለሁ።

ውጤቱ መጣ፤ ሁሉም ልክ ነው ይላል። ዶክተር ኢዲል ወረቀቱን ገልብጣ አየችው፣ ጀርባው ላይ እውነቱ የተጻፈ ይመስል። ሌላ ላቦራቶሪ ላከችን። እዚያም ልክ ነው አሉ። አምባሮ ጥርሷ እየተንገጫገጨ «እንኳን ደስ ያለን፣ ጤነኛ ነኝ» አለች።

«እኔ ወረቀቱን አላምንም» አለች ዶክተሯ። «እግርዎ አንድ ነገር ይላል፣ ድምፅዎ አንድ ነገር ይላል፣ ወረቀቱ ሌላ። ግን ለምን እንደሚዋሽ ሳላውቅ መድኃኒት አልጽፍም። አልፎ አልፎ እየመጡ ያሳዩኝ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ አምባሮ መስኮቱን ዘጋችው። ሾፌሩ ላቡ ጠብ እያለ በመስታወት አይቷት መንዳቱን ቀጠለ፤ ሹራቡን ሲያይ የታመመ ሰው መስሎት ይሆናል። ከሐኪሞቹ የተሻለ እሱ ገብቶታል ብዬ አሰብኩ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሴቶች ብቻ ነን። ድንኳኑ ውስጥ ማራገቢያዎቹ ትኩሱን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይወስዱታል እንጂ አያበርዱትም። የኡባህ እጅ በሂና ተውቦ እሷ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ሐልዋው፣ ሥጋ የበዛበት ሩዙ፣ ሽቶው፣ ሁሉም ሞልቷል። አምባሮ ከበሮዋን ይዛ ተቀምጣለች፣ ከአዲሱ ድሪያ ላይ ያንን ሹራብ ደርባ። አውልቂው ብዬ ለምኛት፣ ኡባህ ለምናት፣ እምቢ ብላለች። ዶክተር ኢዲልም ነበረች፤ ለካስ የሙሽራው የአጎት ልጅ ናት። ድሪያ ለብሳ፣ ወርቅ አድርጋ፣ ያ ኩስትር ያለ ፊት ሲስቅ አይቼ ሌላ ሰው መስላኝ ነበር።

ሳሃርላ ተነሳች። ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች። ከበሮው ቀዝቀዝ እስኪል ጠበቀችና ዓይኗን አምባሮ ላይ ተክላ አወረደችው፤

*ያ ዘንፋላ ፀጉሯ ሁሉ የዘፈነላት፣*
*በብልቃጥ ታሽጎ ከብራሰልስ መጣላት።*
*ቀይ ከረሜላ ነው፣ አይቻለሁ እኔ፣*
*እፍኝ እፍኝ ትቅማለች፣ ምስክር ነው ዓይኔ።*

ከዚያ የሙሽራው ወገን እልልታውን አቀለጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውጭ የሚላክ ዕቃ ሁሉ በሰው ሻንጣ ነው የሚመጣው። የሚመጣው ሰው የማን ዘመድ ይሁን አይመረጥም፤ ቦታ ያለው ሻንጣ ከተገኘ ያው ዘመድ ነው። ሻንጣውም ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ከብቦ ነው የሚከፍተው፣ የማን እንደሆነ እስኪታወቅ እያንዳንዱ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ነስራ ለእናቷ የላከችው የመጨረሻ ብልቃጥ የመጣው በሳሃርላ የእህት ልጅ ሻንጣ ነበር። ሳሃርላ ብልቃጡን አይታለች፣ ላዩ ላይ ያለውን ባለ ረጅም ፀጉር ሴት ሥዕል አይታለች፣ «የአምባሮ ነው» ሲባል ሰምታለች። ከዚያም አምባሮ ራሷ መጥታ ስትወስደው፣ በሩ ላይ እንኳ ሳትደርስ ክዳኑን ከፍታ እፍኝ ስትጎርስ በመስኮት አይታለች። ይህን ሁሉ አፍና ለዛሬ አስቀመጠችው።

ሁላችንም አምባሮን አየናት። አሁን መመለስ አለባት። ከበሮዋን አስቀመጠች፣ በእጇ መሬት ተደግፋ ተነሳች፣ መሀል ገባች። አፏን ከፈተች። የወጣው ድምፅ ሲያንስ ሹክሹክታ፣ ሲበዛ ሳል ነው። ጉሮሮዋን ጠረገችና ደገመች። ምንም። ግጥሙ እንኳ አልመጣላትም፤ ዓይኗ ላይ ስትፈልገው፣ ስትፈልገው ይታየኝ ነበር። ቆማ ቀረች። ኡባህ በሂናው እጇ ፊቷን ሸፈነች። አምባሮ እንባዋ ሲወርድ እኔ ተነስቼ ሳሃርላን ላንቃት ደርሼ ነበር።

ከእኔ በፊት ግን ዶክተር ኢዲል ተነስታ ኖሯል።

«ድገሚው!» አለች።

የሙሽራው ወገን አጨበጨበላት፤ ዘመዳቸውን የደገፈች መስሏቸው። እኔ ደግሞ ይቺንም አብሬ ላንቃት ወሰንኩ።

ሳሃርላ ደስ ብሏት ደገመችው፣ እጇንም ጨመረችበት።

«ከረሜላው ለፀጉር ነው?» አለች ዶክተሯ።

«ሥዕሉ ላይ ፀጉር አለ።»

«እፍኝ ስትዪ እውነት እፍኝ ነው ወይስ ለግጥሙ ያማረ ብለሽ ነው?»

ሳሃርላ ደረቷን ነፋች። «እኔ በዋጋ እዋሽ ይሆናል እንጂ በግጥም አልዋሽም!»

ዶክተር ኢዲል አምባሮ ፊት በርከክ አለች፣ ያን ውድ ድሪያ ምንጣፉ ላይ ጥላ። «አክስቴ፣ ብልቃጡ የት ነው?»

«መሬቱ ይዋጠኝ» አለች አምባሮ።

«መጀመሪያ ብልቃጡን፣ ከዚያ መሬቱ ይዋጥዎት።»

ያመጣችው ሙሽሪት ራሷ ናት። ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ቤት ሮጠች፣ የእናቷን ሣጥን ገልብጣ፣ ከታጠፉት ድሪያዎች ሥር አንድ ሳይሆን ብዙ ብልቃጥ አግኝታ ሙሉውን ታቅፋ መጣች። አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። ዶክተሯ ጀርባቸው ላይ ያለውን አነበበችና እየሳቀች አንዱን ብልቃጥ ሳመችው። ሴቶቹ ተያዩ። ሠርጉ ላይ አንድ ሰው እንዳበደ ገባን፤ ማን እንደሆነ ግን አልተስማማንም።

«ደም ሊሰጡ የመጡ ቀንስ ይህን በልተዋል?» አለች።

አምባሮ በዚያ በተረፈ ድምጿ «ምግብ ነው እንጂ ከረሜላ አትብዪ አላላችሁኝም» አለች። «በባዶ ሆድ ነይ ስላላችሁኝ እንዳይደክመኝ በርከት አድርጌ ነው የበላሁት። ሁለቱንም ጊዜ።»

ዶክተሯ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ለሁላችንም አስረዳችን። አንገት ላይ ታይሮይድ የምትባል እጢ አለች፤ የሰውነት ምድጃ እሷ ናት። እሷ ስትደክም ሰው ይበርደዋል፣ ይከብደዋል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ፀጉሩ ይረግፋል። አንጎል ደግሞ ድካሟን ሲያይ «ሥሪ!» ብሎ ይጮህባታል። ደም ተወስዶ የሚለካው እንግዲህ የእጢዋ ሥራና የአንጎሉ ጩኸት ነው።

«እዚህ ከረሜላ ውስጥ ያለው ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ነው» አለች። «አንዳንዱ ማሽን ሲለካ ይህንኑ ባዮቲን እንደ ሙጫ ይጠቀምበታል። ደሙ ራሱ በባዮቲን ከተሞላ ማሽኑ ይምታታበታል። የጎደለውን ሞልቷል ይላል፣ ጩኸቱን ደግሞ ሹክሹክታ አድርጎ ይሰማል። ሁለቱም ልክ ይመስላሉ።»

«ቆይ» አለች አምባሮ እንባዋን በሹራቧ እጅጌ እየጠረገች። «እኔ ነኝ ማሽኑን ያታለልኩት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ሁለቱንም ማሽን?»

«ሁለቱንም።»

«ማሻላህ» አለች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

«ፀጉርዎን ያረገፈው የእጢዋ ድካም ነው፤ ፀጉር እንዲያበቅል የበሉት ከረሜላ ደግሞ እጢዋን ደብቆብናል» አለች ዶክተሯ። «አሁኑኑ ያቁሙ። ከሳምንት በላይ ቆይተን እንደገና እንለካለን።»

ግጥሙ ግን ሳይመለስ ቀረ። ይህን ልደብቅ አልፈልግም። ኡባህ በዚያ ቀን መላሽ አጥታ ነው የገባችው። የሙሽራው ወገን እየዘፈነ ሲወስዳት አምባሮ በሯ ላይ ቆማ ሹራቧን አጥብቃ ይዛ አየቻት። ሳሃርላም አልፎከረችባትም፤ ሰው ለማብሸቅ ይዞት የመጣው ግጥም የሐኪም ምርመራ ሲሆንበት ምን ይላል? ዓሣዋን ይዛ በበራችን ስታልፍ ለብዙ ጊዜ ወደ እኛ አላየችም።

ከረሜላው ቆሞ ደሙ ሲለካ ወረቀቱ እውነቱን ተናገረ፤ ዶክተር ኢዲል «ይህን ይዘው በእግርዎ መምጣትዎም ይገርመኛል» አለች። ትንሽ ነጭ ኪኒን ታዘዘላት። ማለዳ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከዚያ በኋላም ቆይቶ ነው ሻይ የሚጠጣው። አምባሮ በሽታውን ችላው ነበር፤ የሻዩ መዘግየት ግን ሊገድላት ደረሰ። ጠዋት ጠዋት ብርጭቆዋን ይዛ ፀሐይዋን እንደ ረመዳን ሰው ትጠባበቃለች። «ከረሜላዬ ይሻለኝ ነበር» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «ባዶውን ብልቃጥ ላሽትትሽ?» እላታለሁ።

ድምጿ ቀስ በቀስ ጠራ። ከእኔ ጋር ስትሰዳደብ መልሱ እንደ ድሮው በቶሎ መምጣት ጀመረ፤ ይህን ለማየት ስል ብዙ ስድብ በላሁ። ሹራቡ ግን አልወለቀም። ቀዝቀዝ ያለው ወር ገብቶ ነበርና ማንም አልታዘባትም፤ በዚያ ወራት እኔም አንዳንድ ማለዳ ሻርፕ እደርባለሁ። ስለዚህ ይበርዳት አይበርዳት መለየት አልተቻለም። ዶክተር ኢዲል አዲሱን ወረቀት ይዛ «አሁን ሁሉም ልክ ነው ይላል» አለች። «ግን ይህ ወረቀት ሁለት ጊዜ ዋሽቶኛል። እኔ የምጠብቀው አንድ ቃል ነው። ሲሞቅዎት ይንገሩኝ።»

ኡባህ ወለደች፤ ሴት ልጅ። የአርባ ቀኑ ድግስ ሲደርስ ሙቀቱም አብሮ መጣ፣ ካምሲኑ ያን ቀን ነው የጀመረው። ያው ድንኳን፣ ያው ሴቶች፣ የአባት ወገን በዚያ፣ የእናት ወገን በዚህ። ዶክተር ኢዲል ሐልዋዋን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሳሃርላም መጥታለች፣ ከበሩ አጠገብ። አምባሮ ከነሹራቧ ናት። ልቤ እዚያ ሹራብ ላይ ነበር።

ከበሮው ተመታ። አምባሮ በእጇ ሳትደገፍ ተነሳች። የዓመቱ ዕዳ እንደሚመለስ ሁሉም ስላወቀ ክቡ ጠበበ። ያ ድምፅ ወጣ፤ ከገበያው ማዶ እንደተሰማ እምላለሁ፤

*ማሽኑ ያጣውን ሁለት ጊዜ አይቶ፣*
*የሳሃርላ ምላስ አወጣው ጎትቶ።*

የአባት ወገን እልል አለ። ሳሃርላ ምስጋና መሆኑ ገብቷት ቀና አለች፣ አፈረች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። አምባሮ ይህን ጠብቃ ነበር፤

*ላመሰግናት ስል ዓይኔ ሻሿን አየ፣*
*ያ ዝንብ ዛሬም እዚያው ሲያነክስ ቆየ።*

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሳሃርላ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ስትገልጠው ስቃ ስቃ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል። አምባሮ ለሦስተኛው እጇን አነሳች። አፏን ከፈተች።

ምንም አልወጣም።

እጇ ወደ ሹራቡ አንገት ሄደ። ዓይኗ ፈጠጠ። የዚያን ቀን ነገር ሁሉ አንድ ጊዜ መጣብኝ። ኡባህ ልጇን አቅፋ ተነሳች። ሳሃርላ ሳቋን አቆመች። ዶክተር ኢዲል ሐልዋው አፏ እንደደረሰ ቀረች።

«ሞቀኝ» አለች አምባሮ።

የሹራቡን አንገት ወደ ፊት ሳበችው።

«ኧረ ሞቀኝ! ሰዎች፣ ይሄንን ሱፍ ማነው ያለበሰኝ? ልትገድሉኝ ነው እንዴ?»

ያቺ በጅቡቲ ምድር ሰው ሁሉ ሲናገራት የሚውላት ቃል ናት። እኛ ግን እልልታችንን ለቀቅነው፣ ሕፃኗ ደንግጣ እስክታለቅስ ድረስ። ዶክተር ኢዲል ሳህኗን አስቀምጣ ዓይኗን ጠረገች። ሳሃርላ ክቡን አቋርጣ መጥታ ሹራቡን በራሷ በኩል ጎትታ አወለቀችላትና ማራገቢያውን ወደ እሷ አዞረችው። እኔ ወደ ማቀዝቀዣዬ ሮጥኩ፤ እየሮጥኩ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። የባሌ እህት ስለሞቃት አለቀስኩ።

በረዶ በሳህን ሞልቼ ይዤ መጣሁ። አንዱን ቁራጭ አንገቷ ላይ ጫነችው፣ አንዱን አፏ ከተተች፣ ከዚያ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«አንቺ ስስታም፣» አለችኝ፣ «ይሄንን የመሰለ ነገር እያለሽ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ ስቃጠል ቁጭ ብለሽ የምታዪኝ?»